የረገበ የመንጋጭላ መስመር፦ አልትራሳውንድ ይበጃል ወይስ ሌላ? ከወሎ ሆኖ ለሚመርጥ ሰው የንጽጽር መመሪያ

እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር በመስታወት አየን። ከጆሮ ሥር ተነሥቶ እስከ አገጭ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርድ የነበረው የመንጋጭላችን መስመር አገጭ አጠገብ ሲደርስ ተቆርጧል፤ ከመስመሩ በታችም ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥሏል። እኔ 47 ዓመቴ ነው፣ እትዬ 58። ሁለታችንም ደሴ ተወልደን ደሴ የምንኖር ነን፤ «ምላጭ ሳይነካሽ በአልትራሳውንድ ይጠብቅልሻል» የሚለውን ወሬም የሰማነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ነው። ከብዙ መጠያየቅ በኋላ ግን እኔ አልትራሳውንዱን ተሠራሁ፤ እሷ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሁለታችንም ገንዘባችንን ያወጣነው በሚገባው ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው በመካከሉ ያየሁት ነገር ስላሳዘነኝ ነው። የጠየቅናቸው ቦታዎች በአብዛኛው የነገሩን ስለያዙት መሣሪያ ነው፤ ስለ ፊታችን የጠየቀን ጥቂት ነው። ቆዳ ሥር ገብቶ የሚጎትት ክር ያለው ክር ይበጃል ይላል፣ መርፌ ያለው መርፌ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚታከም ሰው ደግሞ ምርጫው ሲበላሽበት የሚከስረው የሕክምናውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከመሣሪያው ስም በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ።

## መጀመሪያ፦ የረገበው የትኛው ነው?

ድንኳን የሚረግበው ሸራው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ምሰሶው ሲያጥርም ይረግባል፣ ሸራው ላይ ውኃ ሲጠራቀምም ይንጠለጠላል። ፊትም እንዲሁ ነው። ሸራው ቆዳ ነው፤ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ከ20ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ በሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። ምሰሶው የመንጋጭላ አጥንትና ጥርስ ነው፤ የመንጋጋ ጥርስ ከወለቀ በኋላ ይይዘው የነበረው አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ የታችኛው ፊትም ያጥራል። የተጠራቀመው ውኃ ደግሞ ስብ ነው፤ ከጉንጭ ወደ ታች የሚንሸራተት ወይም ከአገጭ ሥር የሚከማች።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቤት ውስጥ ሦስት ነገር ይሞከራል። በጀርባ ተኝቶ በእጅ መስታወት ፊትን ማየት አንዱ ነው፤ መስመሩ ተኝተው ሲታይ የሚመለስ ከሆነ የላላ ቆዳና ሥጋ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ከአገጭ ሥር ያለውን በሁለት ጣት መቆንጠጥ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ስብ ነው፣ እንደ ጨርቅ ስስ ከሆነ ቆዳ ነው። ሦስተኛው ጣትን ጆሮ ፊት ለፊት አድርጎ ቆዳውን በቀስታ ወደ ላይ መሳብ ነው። በጥቂቱ ሲሳብ መስመሩ የሚስተካከል ከሆነ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ዘዴዎች ተስፋ አላቸው። ብዙ መሳብ የሚፈልግ ከሆነ ግን ማንም ቢምልላችሁ ማሽን ያን ያህል አያነሣም።

ለወሎ ሰው የምጨምረው አራተኛ ነገር አለ። የአዮዲን እጥረት ለረጅም ዘመን የደጋችን ችግር ሆኖ ስለኖረ እንቅርት በእኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም። መስታወት ፊት ቆማችሁ አንገታችሁን ቀና አድርጉና አንድ ጉርሻ ውኃ ዋጡ። አንገት ላይ ያለው እብጠት ከመዋጥ ጋር አብሮ ወደ ላይ ከተንቀሳቀሰ ጉዳዩ የቆዳ መርገብ ሳይሆን የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላልና የሚታየው በውስጥ ደዌ ሐኪም ወይም በቀዶ ሐኪም ነው። ከመንጋጭላ በታች የሚዳሰስ ጠንካራ ዕጢም ሳይመረመር የውበት መሣሪያ ሊነካው አይገባም። የፊት አንድ ወገን በድንገት ከወደቀ፣ አፍ ከተጣመመ ደግሞ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ ሌላ ቦታ አይኬድም፤ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል።

እትዬ በስኳር ሕመም ምክንያት በአጭር ጊዜ ብዙ ከስታለች፤ የታችኛው መንጋጋ ጥርሶቿም በሁለቱም ወገን ወልቀዋል። የእሷ ድንኳን ምሰሶው ነበር ያጠረው። ይህን የነገረን የቆዳ ሐኪም ነው፤ ከዚያ በፊት የሄድንባቸው ሦስት ቦታዎች አፏን እንድትከፍት እንኳ አልጠየቋትም።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ጥልቀት ነው። ቆዳ ከላይ ሲታይ አንድ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ደርብ ደርብ ነው፤ ከስቡ ሥር ደግሞ የፊትን ጡንቻ የሚያለብስ ጠንካራ ስስ ሽፋን አለ። የፊት ቀዶ ሐኪሞች የሚስቡትም እሱን ነው። አንድ ዘዴ እዚያ ይደርሳል ወይስ ላይ ላዩን ይቀራል?

ሁለተኛው ጥቁር ቆዳ ላይ ያለው ጠባይ ነው። የእኛ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ያልፋል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሲቆረጥ ወይም ሲበሳ ጠባሳው አብጦ ያድጋል፣ ኬሎይድ ይሆናል። በብርሃን የሚሠሩ እንደ ሌዘር ያሉ ሕክምናዎች የቆዳን ቀለም ስለሚያገኙት ለጥቁር ቆዳ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በአንገታቸው ወይም በአገጫቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶቻችንና እህቶቻችንም ይህን አይርሱ፤ የንቅሳቱ ቀለም የሌዘርን ብርሃን ይስባል፣ ሊያቃጥልም ይችላል።

ሦስተኛው ውጤቱ መቼ እንደሚታይና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ነው። አራተኛው ከሁሉ በላይ የምቆምለት ነው፦ ችግር ቢፈጠር ማን ያየኛል? ምን ያህል በፍጥነትስ ያየኛል? አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ የታክሲ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከወልድያና ከላሊበላ ለሚነሣ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

አምስተኛው ገንዘብ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ «በአንድ ጊዜ ስንት ነው?» ብላችሁ አትቁሙ። የአንዱን ጊዜ ዋጋ በሚያስፈልገው ብዛት አባዙት፤ ጉዞውን፣ ማደሪያውንና ከሥራ የምትቀሩበትን ቀን ጨምሩበት፤ ከዚያ ውጤቱ በሚቆይበት ወር አካፍሉት። እኔና እህቴ ይህን ሂሳብ በደብተር ስንሠራ ርካሽ የመሰለን ነገር ሁሉ ርካሽ ሆኖ አልቀረም። አንድ ደርሶ መልስ 800 ኪሎ ሜትር ነው። አራት ጊዜ የሚመላለሱበት ሕክምና 3,200 ኪሎ ሜትር መንገድ ማለት ነው፤ በኮምቦልቻ አውሮፕላን ቢሄዱ ደግሞ አራት ደርሶ መልስ ትኬት።

## አልትራሳውንድ

እርጉዝ ሆና የተመረመረች ሴት ሁሉ አልትራሳውንድን ታውቀዋለች። ለፊት የሚውለውም ያው ጆሯችን ከሚሰማው በላይ የሆነ የድምፅ ሞገድ ነው፤ ልዩነቱ መጠራቀሙ ላይ ነው። ልጅ ሆነን የፀሐይን ብርሃን በአጉሊ መነጽር ጭድ ላይ ሰብስበን አቃጥለን እናውቃለን፤ ብርሃኑ መንገድ ላይ ማንንም ሳያቃጥል የተሰበሰበበትን ነጥብ ብቻ ያነዳል። ማሽኑም የድምፁን ሞገድ ቆዳ ሥር ባለች ትንሽ ነጥብ ላይ ይሰበስበዋል። ነጥቧ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ትሞቃለች፤ የላይኛው ቆዳ ግን አይነካም። በሙቀቱ ኮላጅኑ ይኮማተራል፤ ከዚያ ሰውነት ያችን ነጥብ እንደ ቁስል ቆጥሮ አዲስ ኮላጅን ይሠራባታል። ሙሉ ሥራው ይህ ነው። የሚያጠብቀው ማሽኑ ሳይሆን የራሳችን የመጠገን ኃይል ስለሆነ ጥሩ ጥገና የሌለው ሰውነት ላይ ውጤቱ ይደክማል።

ማሽኑ እንደሚገጠምለት ራስ የሚደርስበት ጥልቀት ይለያያል፦ 1.5፣ 3 እና 4.5 ሚሊ ሜትር ዋናዎቹ ናቸው። 4.5ቱ ያ ቀዶ ሐኪሞች የሚስቡት ሽፋን የሚገኝበት ነው። ከቀዶ ሕክምና ውጪ እዚያ ድረስ በሙቀት የሚደርስ ሌላ ዘዴ ብዙ የለም፤ ለመንጋጭላ መስመር የሚመረጥበትም ምክንያት ይኸው ነው። ደግሞም ድምፅ ቀለም አያይም። ጠይም ይሁን ጥቁር፣ ሞገዱ ለሁሉም እኩል ያልፋል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ማሽኑ ቆዳው ላይ በደንብ ካልተጫነ ወይም ቅባቱ ካነሰ ላይኛው ቆዳ ሊቃጠልና ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ማሽኖች መኖራቸውን ልብ በሉ። አንደኛው እየሠራ ቆዳ ሥር ያለውን በምስል የሚያሳይ ነው፤ ሠሪው ሞገዱን አጥንት ላይ ወይም ስብ ላይ ከመልቀቁ በፊት ያያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ለቅንድብ፣ በ2012 ለአገጭ ሥርና ለአንገት እንዲውል የፈቀደው አልቴራፒ የተባለው ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው በጥቅሉ ሃይፉ እየተባለ የሚጠራው ነው፤ አብዛኛው ምስል የለውም፣ ሠሪው በልምድና በግምት ይሠራል። ሃይፉ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ነገር ግን ምስል የሌለው ማሽን ባልሠለጠነ እጅ ከገባ ማንም የማያየው ቦታ ላይ እሳት መልቀቅ ነው፤ ዋጋው የሚረክስበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የእኔ ለታችኛው ፊትና ለአንገት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ያማል። በተለይ አጥንቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጥርስ ሥር የሚወጋ ያህል ተሰማኝ፤ «አብሽሪ፣ ትንሽ ነው የቀረው» የሚለኝ ሰው ባይኖር አቋርጬ እነሣ ነበር። ፊቴ ለአንድ ቀን ቀላ፣ ለአራት ቀን አበጠ፤ መንጋጭላዬን ስነካው የመደንዘዝና የመውረር ስሜት ሦስት ሳምንት ቆየብኝ። በመጀመሪያው ወር ምንም አላየሁም፤ ገንዘቤን ያቃጠልኩ መስሎኝ አዝኜ ነበር። ለውጡ የታየው ከሦስተኛው ወር ወዲህ ነው፣ እስከ ስድስተኛውም ጨመረ። መስመሩ ተመልሷል፤ ግን የ30 ዓመት ፊት አልሰጠኝም። በየወሩ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት ያነሣሁት ፎቶግራፍ ባይኖር እኔም ልዩነቱን እጠራጠር ነበር። በአብዛኛው ሰው ላይ ውጤቱ አንድ ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል።

አደጋውን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚያልፈው በመንጋጭላው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ካገኘው ፈገግታ ሊጣመም ይችላል። በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ ግን ያስደነግጣል። ሁለተኛው አደጋ ስብ ማሟሟት ነው። ፊታቸው ቀጭን ለሆነ ሰዎች ሞገዱ ያለችውን ጥቂት ስብ አቅልጦ ጉንጭን ጎድጎድ ሊያደርግ ይችላል፤ የከሳ ፊት ጠብቆም ቢሆን ያረጀ ይመስላል። እትዬን ሐኪሙ አልትራሳውንዱን የከለከላት በዚህ ምክንያት ነበር።

እርጉዝ ሴት፣ ቦታው ላይ ቁስል ወይም ከባድ ብጉር ያለበት ሰው፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አልትራሳውንዱን መሠራት የለበትም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ከዚህ በፊት ፊለር (የጎደለ ቦታን የሚሞላ መርፌ) የተወጋ፣ ኬሎይድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ይናገር። በጣም ወፍራም ለሆነ ወይም አንገቱ ላይ ቆዳው እጥፍ እጥፍ ብሎ ለተንጠለጠለ ሰው ደግሞ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

## የሬዲዮ ሞገድ

ይህ ሙቀትን በኤሌክትሪክ ሞገድ ቆዳ ውስጥ የሚያሰራጭ ነው። እንደ አልትራሳውንድ በነጥብ ሳይሆን በስፋት ያሞቃል፤ ጥልቀቱም በአብዛኛው ቆዳው ላይ ያቆማል። የቀለም ችግር የለበትም፣ ሕመሙም ይቀላል። ቆዳው ለሳሳና ለተጨማደደ ሰው፣ መስመሩ ገና ላልተሰበረ ሰው ጥሩ ነው።

በመርፌ የሚሠራው ዓይነት ጥቃቅን መርፌዎችን አስገብቶ ሙቀቱን ውስጥ ይለቃል፤ ጠለቅ ይላል፣ የብጉር ጠባሳንም ይረዳል። ቆዳ ስለሚበሳ ጥቁር ምልክት የመተው ዕድል አለው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ በወር ልዩነት ይሠራል። የእኔ ተቃውሞ እዚህ ላይ ነው፦ ለአዲስ አበባ ሰው በጣም ጥሩ የሆነው ለደሴ ሰው የመንገድ ቅጣት ይሆናል። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ለሁለትና ሦስት ወር የምትቆዩ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

## ክር

ቀስ ብሎ የሚሟሟ ክር ቆዳ ሥር ገብቶ ሥጋውን ወደ ላይ ይጎትታል። ለውጡ በዕለቱ ይታያል፤ ሰው የሚማረከውም ለዚህ ነው። ክሩ በስድስት ወር አካባቢ ይሟሟል፤ መነሣቱም አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ ይደክማል። የቆዳ መሰርጎድ፣ የክሩ ጫፍ ቆዳ ላይ መታየት፣ አንዱ ወገን ከሌላው መለየት፣ መመርቀዝ ያጋጥማል። አንዲት ጎረቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በሦስተኛው ሳምንት ጉንጯ አበጠ፤ ስልክ ስትደውል «መጥተሽ እንይሽ» አሏት። በሌሊት አውቶቡስ ተራ ሄዳ፣ ትኩሳት ይዟት በከሚሴና በደብረ ሲና በኩል ቀኑን ሙሉ ተጓዘች። ክሩ ወጣ፣ ዳነች፣ ምልክቱ ግን ቀርቷል። ኬሎይድ ለሚያወጣ ሰው ክርን በፍጹም አልመክርም።

## ፊለር፣ ስብ ማቅለጫና ቦቶክስ

ሦስቱም በመርፌ ይሰጣሉ፣ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ፊለር የጎደለውን አጥንት ቅርጽ ይሞላል፤ ምሰሶውን ያረዝማል ማለት ነው። አገጩ ወደ ኋላ ለሸሸ ወይም መንጋጭላው ለሟሸሸ ሰው ከአልትራሳውንድ ይሻላል፤ ወዲያው ይታያል፣ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይም ይችላል። ፍርሃቱ መርፌው የደም ሥር ውስጥ ከገባ ነው። ቆዳው ይገረጣል ወይም ይዥጎረጎራል፣ በኃይል ያማል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ሥጋው ይሞታል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው ዓይነት ማሟሟቻ መድኃኒት ስላለው ከሌሎቹ ይመረጣል፤ ማሟሟቻው እጁ ላይ የሌለ ባለሙያ ግን መርፌውን ማንሣት የለበትም። በተወጋችሁ ዕለትም ወደ ደሴ አትመለሱ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት እዚያው እደሩ።

ስብ ማቅለጫው ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2015 የፈቀደው ከአገጭ ሥር ላለ ስብ ብቻ ነው። ሁለት እስከ ስድስት ዙር፣ ቢያንስ በወር ልዩነት ይፈልጋል። እብጠቱ ከባድ ነው። ደግሞ ስቡ ሲሄድ ቆዳው ባዶውን ሊረግብ ይችላል።

ቦቶክስ ወደ ታች የሚስበውን የአንገት ጡንቻ ያላላዋል፤ ሲናገሩ እንደ ገመድ የሚወጠሩ መስመሮች ላሉት ሰው ይረዳል። ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ለረገበ ቆዳ ለብቻው መልስ አይሆንም።

## ቀዶ ሕክምና

ብዙ ለረገበ ፊትና አንገት ትክክለኛው መልስ ይህ ነው፤ ይህን የማይነግር ሻጭ ታማኝ አይደለም። አንድ ጊዜ ተሠርቶ አሥር ዓመት ገደማ ያገለግላል። ወጪው ከፍተኛ ነው፣ ማደንዘዣ አለው፣ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ማገገሚያ ይፈልጋል። ሆኖም በማይሠራ ማሽን ላይ በየዓመቱ ከመክፈል ይህ ሊረክስ ይችላል። ስኳርና የደም ግፊት ያለበት ሰው አስቀድሞ ማስተካከል አለበት፤ ኬሎይድ ያለበትም ደጋግሞ ይጠይቅ።

## ቤታችን ያለው

ወይባ ጢስ የወሎ ሴት የምትኮራበት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ላብን ያወጣል፣ ቆዳን ያለሰልሳል፣ መልክን ያወዛል፣ ለጥቂት ቀን የመወጠር ስሜት ይሰጣል። የሚሠራው ግን ላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ የተሰበረ የመንጋጭላ መስመርን አያነሣም። ከእነዚህ ሕክምናዎች ማናቸውንም ከተሠራችሁ እብጠቱ ጨርሶ እስኪወርድ ወይባ አትግቡ።

ከቤት ውስጥ እንክብካቤ ሁሉ ዋጋ ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጦሳ ተራራ ጉም ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨረሩ የለም ማለት አይደለም፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ነጠላውን ወይም ሻሹን እስከ አገጭ ድረስ ማውረድ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተሸጡ ፊት ለማቅላት፣ ማዲያት ለማጥፋት የሚቀቡ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ቅባቶች ቆዳን እንደ ወረቀት ያሳሳሉ። እነዚህን ለወራት ስትቀቢ የኖርሽ እህቴ፣ ማንኛውንም ማሽን ከማሰብሽ በፊት የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂና ሳትደብቂ ንገሪው። በራስሽ በድንገት አታቋርጪው፤ ፊትሽ ሊቆጣ ስለሚችል አቋራረጡንም ሐኪሙ ይምራሽ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለምን ዓይነት መርገብ | ስንት ጉዞ | የሚታየው | የሚቆየው | ለጥቁር ቆዳና ለኬሎይድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አልትራሳውንድ በምስል | መጠነኛ፣ ፊቱ በጣም ያልከሳ | 1 እና ክትትል | ከ3 ወር በኋላ | 1 ዓመት ገደማ | ተስማሚ | ከፍ ያለ |
| ሃይፉ ያለ ምስል | መጠነኛ | 1 እና ክትትል | ከ3 ወር በኋላ | 1 ዓመት ገደማ | ተስማሚ፣ በሠሪው ችሎታ ላይ የተመሠረተ | መካከለኛ |
| የሬዲዮ ሞገድ በመርፌ | ቆዳው ለሳሳ፣ ጠባሳ ላለው | 3 ገደማ | በወራት | 1 ዓመት ገደማ | ጥንቃቄ | መካከለኛ፣ ከጉዞ ጋር ከፍተኛ |
| ክር | መጠነኛ | 1 እና ክትትል | በዕለቱ | ከዓመት በታች | ለኬሎይድ አይሆንም | መካከለኛ |
| ፊለር | አጥንቱ ለሟሸሸ | 1፣ አድሮ መመለስ | በዕለቱ | 1 ዓመትና ከዚያ በላይ | ተስማሚ | ከፍ ያለ |
| ስብ ማቅለጫ | ከአገጭ ሥር ስብ | 2 እስከ 6 | በወራት | ስቡ በአብዛኛው አይመለስም | ጥንቃቄ | በዙሩ ብዛት |
| ቀዶ ሕክምና | ብዙ ለረገበ | 1 ረጅም | ከሳምንታት በኋላ | 10 ዓመት ገደማ | ለኬሎይድ ጥንቃቄ | ከሁሉ ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያላችሁ፣ ፊታችሁ መጠነኛ ሥጋ ያለው፣ መስመሩ ገና መሰበር የጀመረ፣ በዓመት አንዴ ብቻ መመላለስ የምትችሉ ከሆነ ምስል ያለው አልትራሳውንድ ከሁሉ የሚስማማችሁ ይመስለኛል። ገንዘቡ ምስል ላለው ማሽን ካልበቃ፣ ምስል በሌለው ርካሽ ቦታ ከመሞከር ስድስት ወር ቆጥቦ መጠበቅ ይሻላል። በስድስት ወር ውስጥ ቆዳችሁ ላይ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም።

በቅርቡ ብዙ የከሳችሁ ወይም የመንጋጋ ጥርስ የጎደላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ክብደቱ ይርጋ፣ ጥርሱ ይተካ። እትዬ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራች፤ የታችኛው ፊቷ ቁመቱን አገኘ፣ ከአገጯ ጎን የነበረው መሰበርም በግማሽ ቀነሰ። መብላቷ ከተስተካከለ ወዲህ ስኳሯም ለመቆጣጠር ቀሏታል። ማንም የውበት ሕክምና ያን ያህል አይሰጣትም ነበር።

ስልሳን ላለፈና አንገቱ ብዙ ለተንጠለጠለ ሰው ምርጫው ሁለት ነው፦ ቀዶ ሕክምና ወይም እንዳለ በክብር መቀበል። በመካከል ያሉት ገንዘብ ያባክናሉ። በጀት ጨርሶ ለሌለው ደግሞ የፀሐይ መከላከያ፣ ከሲጋራ መራቅ፣ በሐኪም የታዘዘ፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ የሬቲኖይድ ቅባት (እርጉዝ ካልሆኑ) እውነተኛ ጥቅም አላቸው። ለምክሩም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕክምና ዘመን ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። እኛም ቀድመን የቆዳ ሐኪም ብናይ ኖሮ ሦስቱን ከንቱ ጉዞ አንጓዝም ነበር።

## ከመክፈል በፊት

የጤና ተቋሙ ፈቃድ ከጤና ቢሮ የተሰጠና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መሆኑን እዩ፤ የውበት ሳሎን ፈቃድ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የሕክምና መሣሪያ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነውና ማሽኑ የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። የትኛውን ጥልቀት፣ ስንት መስመር (የሞገድ ነጥቦች ተርታ)፣ የት ላይ እንደሚለቅ ሠሪው ራሱ ይንገራችሁ፤ ለታችኛው ፊትና አንገት መስመሩ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። አንዱ ቦታ ጥልቀቱን ስጠይቅ «ማሽኑ ራሱ ያውቃል» አለችኝ ወጣቷ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ጊዜውንም አስሉ። ጥር ላይ ልጃችሁን የምትድሩ ከሆነ አልትራሳውንዱ ከመስከረም መዝለል የለበትም፤ ኅዳር ላይ ብትሠሩ ሠርጉ ላይ የሚታየው ምንም አይደለም። ከተሠራችሁ በኋላ በማግሥቱ ጠዋት መስታወት ፊት ጥርሳችሁን እያሳያችሁ ፈገግ በሉ፤ የታችኛው ከንፈር በሁለቱም ወገን እኩል ከወረደ መንገድ መግባት ትችላላችሁ። ካልወረደ፣ ወይም ቆዳው ላይ ውኃ የቋጠረ መስመር ካያችሁ፣ ትኬቱን አዛውራችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።